ስኩተር ላይ ሁለት ጎማ ስለመጨመር፦ ከኮምቦልቻ ለጠየቅሽኝ እህቴ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። «ወንድሜ 34 ዓመቱ ነው። በልጅነቱ ልምሻ መትቶት ሁለቱም እግሮቹ ደክመዋል፤ ቀኙ ትንሽ ይታዘዘዋል፣ ግራው ምንም። እጆቹ ግን ብርቱ ናቸው። በምርኩዝ ነው የሚሄደው። ኮምቦልቻ ውስጥ ልብስ ይሰፋል። ተረዳድተን ያገለገለ 110 ሲሲ አውቶማቲክ ስኩተር ገዛንለት። ሰፈራችን ያለ በያጅ ሁለት የባጃጅ ጎማ በቱቦላሬ ግራና ቀኝ በይጄ በሦስት ቀን አስረክባለሁ ይላል። እናሠራው ወይ? ጨርቅ ለማምጣት በየሳምንቱ ደሴ ይሄዳል፤ በዚሁ ስኩተር መውጣትና መውረድ ይችላል?»

እህቴ፣ መጀመሪያ አብሽሪ፤ ነገሩ የሚሠራ ነገር ነው። ብርቱ ሁለት እጅና የደከመ እግር ላለው ሰው አውቶማቲክ ስኩተር በጣም ይመቻል። ነዳጁም ፍሬኑም በእጅ ነው፣ ካምብዮ የለውም፤ እግር የሚፈለገው ሲቆም መሬት ረግጦ ለመደገፍና ሲያስፈልግ ወደ ኋላ ለመግፋት ብቻ ነው። ህንድ አገር ልምሻ የመታቸው ብዙ ሰዎች በተራ ስኩተር ላይ ግራና ቀኝ ጎማ አስጨምረው ሥራቸው ይሄዳሉ።

በያጁ ባለው መንገድ ግን አታሠሩት። ደሴንም በእሱ አይውጣው፣ ለአሁኑ። ሁለቱንም ለምን እንደምል ልንገርሽ። እኔ ደሴ ውስጥ ከብረት ሥራ ተነስቼ የአካል ድጋፍ መሣሪያ ወደ መሥራት የገባሁ ሰው ነኝ፤ ምርኩዝም፣ የእግር ብረትም፣ ዊልቸርም፣ እንዲህ ያለ ስኩተርም በእጄ አልፏል። መልሴ ረዘም ይላል። ለወንድምሽ አንብቢለት፣ በያጁም ቢሰማው ደስ ይለኛል።

ባለ ሁለት ጎማ ሲታጠፍ ያጋድላል። ብስክሌት የነዳ ሁሉ ያውቀዋል፤ ወደ ግራ ስትዞሪ አንቺም ብስክሌቱም ወደ ግራ ታዘነብላላችሁ፣ ወደ ውጭ የሚጥልሽን ኃይል የምትቋቋሚው በዚያ ነው። ግራና ቀኝ ጎማ ተበይዶ ሲታሰር ማጋደሉ ይቀራል። ስኩተሩ ከዚያ ወዲያ በአነዳዱ ሌላ ተሽከርካሪ ነው። እንደ ባጃጅ ቀጥ ብሎ ይታጠፋል፣ ሲፈጥንበትም እንደ ባጃጅ ወደ ውጭ ይነሳል። ባጃጅ በአደባባይ ላይ አንድ ጎማው ከመሬት ሲለቅ አይተሽ ይሆናል። የእናንተው ደግሞ ከባጃጅ የጠበበ ነው፣ ነጂውም ከፍ ብሎ ነው የሚቀመጥበት።

ምን ያህል እንደሚጠብ በቁጥር ላሳይሽ። በሁለቱ የጎን ጎማዎች መካከል፣ ከመሃል እስከ መሃል፣ 90 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የሰውየውና የስኩተሩ ክብደት በአንድ ላይ ሚዛኑ የሚያርፍበት ነጥብ ከመሬት 62 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ፊት ያለው ጎማ አንድ ብቻ ስለሆነ ተሽከርካሪው የሚገለበጠው ከፊት ጎማው እስከ አንዱ የጎን ጎማ በተሰመረ ሰያፍ መስመር ላይ ነው፤ ስለዚህ 90ው ሙሉውን አይጠቅምሽም። ይህን ሁሉ ይዤ ሳሰላው፣ 10 ሜትር ራዲየስ ባለው መታጠፊያ ላይ የውስጡ ጎማ፣ ወደሚታጠፍበት ጎን ያለው፣ ከመሬት የሚለቀው በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። በያጁ ቦታ እንዳይፈጅ ብሎ ጎማዎቹን አስጠግቶ 60 ሴንቲ ሜትር ቢያደርጋቸው ወደ 20 ይወርዳል። ይህ ደግሞ ሜዳ በሆነ አስፋልት ላይ ነው። መንገዱ ወደ ውጭ ካዘነበለ፣ ከኋላ ጨርቅ ከፍ ተደርጎ ከተጫነ፣ መታጠፊያው ላይ ፍሬን ከተያዘ ከዚያም ያንሳል። እኔ ለሠራሁላቸው ሰዎች የምነግረው በእንዲህ ያለ መታጠፊያ ከ12 በላይ እንዳይሄዱ ነው። ሰው በእግሩ ሲሮጥ ማለት ነው።

ሌላም አለ፣ ብዙ በያጅ የማያስበው። የሚያጋድል ሞተር ላይ ስትታጠፊ ኃይሉ ወደ መቀመጫው ይጫንሻል። የማያጋድለው ላይ ግን ወደ ጎን ይወረውርሻል፣ ለመቆየት የወገብና የሆድ ጡንቻ ያስፈልጋል። ጤነኛ ሰው እግሩን ወለሉ ላይ አጥብቆ ይቋቋመዋል። ወንድምሽ እግሩ ስለማይታዘዘው የሚይዘው መሪውን ብቻ ነው። መሪውን ሲይዝ ደግሞ ቀኝ እጁ የነዳጁ መያዣ ላይ ነው፤ ሰውነቱ ሲንሸራተት እጁ ነዳጁን ይጠመዝዘዋል፣ መታጠፊያው መሃል ላይ ይፈጥናል። አንድ ልጅ እንዲህ ሆኖ አጥር ውስጥ ሲገባ ቆሜ አይቻለሁ። ስለዚህ የመቀመጫው መደገፊያ ለምቾት ተብሎ የሚጨመር አይደለም፤ ከጎማው እኩል መታየት አለበት። ጀርባውን እስከ ትከሻው ሥር የሚይዝ፣ ግራና ቀኝ ወገቡን ዕቅፍ የሚያደርግ፣ ከፕላስቲኩ ሳይሆን ከሻንሲው፣ ከስኩተሩ የብረት አጽም፣ ጋር የታሰረ ይሁን።

አሁን ወደ ብየዳው። በያጁ ቱቦላሬውን ቀጥ አድርጎ ሊበይደው ነው ያሰበው፣ ያለ ሞላ። የመጀመሪያውን እኔም እንደዚያ ነው የሠራሁት፤ ከዓመታት በፊት ነው፣ እስካሁን ይከነክነኛል። ሦስቱን የኋላ ጎማዎች በአንድ ልክ አስቀምጬ በየድኩ። ወርክሾፑ ወለል ላይ ያምር ነበር። ባለቤቱ ደሴ ውስጥ አንድ ዳገት ሲወጣ የአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ያለች ቦይ አጋጠመችው። ግራና ቀኝ ጎማዎቹ የቦይዋን ሁለት ከንፈር ረገጡ፣ የመሃሉ ጎማ አየር ላይ ቀረ። የሚነዳው እሱ፣ የኋላ ፍሬን ያለውም እሱ። ነዳጅ ሲሰጥ ጎማው ባዶውን ይሽከረከራል፣ ፍሬን ሲይዝ የሚይዝለት የለም። የፊት ፍሬኑ ብቻውን ሊያቆመው አልቻለም፣ ወደ ኋላ ተንሸራተተና ተገለበጠ። የእጁ አንጓ ተሰበረ። በምርኩዝ ለሚሄድ ሰው የእጅ አንጓ ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ሁለት ወር ሙሉ ከቤት አልወጣም።

ከዚያ ወዲህ እንደዚህ ነው የምሠራው። ጎማዎቹ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ክንድ አላቸው። ክንዱ ከፊት በኩል በወፍራም ቡሎንና በቡሽ (ቡሎኑን በሚያቅፍ ቀለበት) ሻንሲው ላይ ታስሮ ወደ ላይና ወደ ታች ይወዛወዛል፣ ከላይ በአሞርዛተር፣ ንረቱን በሚያበርደው ሞላ፣ ይያዛል። ያገለገለ የሞተር ሳይክል አሞርዛተር ይሆናል፣ ግን ሁለቱም ከአንድ ዓይነት ሞተር የመጡ፣ እኩል የደከሙ ይሁኑ። ክንዶቹ እንዲሁ ከተለቀቁ ደግሞ ስኩተሩ እንደ ጀልባ ይወላገዳል። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ የብረት ዘንግ አገናኛቸዋለሁ፤ መኪና ላይ ስታብላይዘር የምንለው ነው። አንዱ ወደ ላይ ሲሄድ ሌላውን ይጎትተዋል፣ ሁለቱ እኩል ሲወጡ ግን ዝም ይላል። ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ነው፣ በሦስት ቀን የማያልቀውም ለዚህ ነው።

ክንዱ የሚታሰረው የት ነው? ስኩተር ከሞተር ሳይክል የሚለይበት ነገር አለ፤ ሞተሩና የኋላ ጎማው አንድ ላይ ሆነው ነው ወደ ላይና ወደ ታች የሚሉት። ሞተሩ ላይ፣ ወይም ከሞተሩ ጋር በሚንቀሳቀስ ማንኛውም ነገር ላይ ብትበይጂ የሞተሩን መያዣ ቡሽ በጥቂት ወር ትጨርሺዋለሽ። የሚታሰረው ዋናው የሻንሲ ቱቦ ላይ ነው፤ የክንዱ ፊት ከታች፣ የክንዱ አሞርዛተር ደግሞ ከላይ፣ የስኩተሩ የኋላ አሞርዛተር በተያዘበት አካባቢ። የስኩተር ሻንሲ ቱቦ ስስ ነው። ቢቻል አትበይዱበት፤ ከላይና ከታች በ5 ሚሊ ሜትር ላሜራ አቅፎ በቡሎን ማሰር ይሻላል። ቡሎኑ ጭንቅላቱ ላይ 8.8 የሚል የተጻፈበት፣ ዳዶው ውስጡ ናይለን ያለው ይሁን። ነቅሎ መመለስም ይቻላል፣ ስኩተሩን መሸጥ ቢመጣ። መበየድ ግድ ከሆነ መጀመሪያ ባትሪው ይነቀል፤ ነዳጁን በኮምፒውተር የሚረጭ ዓይነት ከሆነ የብየዳው ኤሌክትሪክ ኮምፒውተሩን ሊያቃጥለው ይችላል።

ከሌላ ቦታ ተሠርቶ የመጣ አንድ ስኩተር ነበር፣ አራት ወር የተነዳ። ባለቤቱ «ወደ ቀኝ ይስበኛል» ብሎ ነው ያመጣው። አጠብኩት፣ ምንም አይታይም። ቀለሙ ሙሉ ነው። ብየዳው ጥግ ላይ ግን የፀጉር ያህል ቀጭን ቡናማ መስመር ነበረች። በጣቴ ስጠርጋት ዱቄት ሆነች፣ ትንሽ ቆይታ እንደገና ወጣች። ብረት ከብረት ሲፋተግ የሚያወጣው ዝገት ነው። በጥፍሬ ስከተላት ቱቦውን ከግማሽ በላይ ዞራዋለች። አንድ ጉድጓድ ቢመታ ይበጠስ ነበር። ወንድምሽን በየሳምንቱ፣ ጁምዓ ይሁን እሑድ አንድ ቀን ቆርጦ፣ እያንዳንዱን ብየዳ በጨርቅ እንዲጠርግና በባትሪ እንዲያይ ንገሪው። ጥቁር ቀለም ይህን ስለሚደብቅ እኔ ሁልጊዜ ነጭ ወይም ቢጫ ነው የምቀባው።

ጎማውን በተመለከተ በያጁ ያን ያህል አልተሳሳተም። የባጃጅ ጎማ 4.00-8 ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ኮምቦልቻ ውስጥ በየሱቁ አለ። ቁመቱም ከስኩተሩ ባለ 10 ኢንች ጎማ በ2 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ያንሳል። ለእኔ ግን ከስኩተሩ የኋላ ጎማ ጋር አንድ ዓይነት ቸርኬ ቢገኝ ይሻላል፤ አንድ ትርፍ ካላማደሪያ (የውስጥ ጎማ) ይዞ ለሦስቱም ይሆናል። በምንም ምክንያት ግን የብስክሌት ጎማ፣ ባለ ሽቦውን፣ እንዳይገጥምላችሁ። ባለ ሽቦ ጎማ የተሠራው ከላይ ወደ ታች ለሚመጣ ጫና ነው፤ የማያጋድል ተሽከርካሪ በየመታጠፊያው ከጎን ነው የሚገፋው፣ ሽቦው ይረግፋል።

ስፋቱን ከመሃል እስከ መሃል 85 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር አድርጉት። ጠቅላላ ስፋቱ አንድ ሜትር ይሆናል፣ ከባጃጅ ያንሳል፤ የግቢያችሁን በርና የሱቁን መግቢያ ግን አስቀድማችሁ ለኩ። የጎን ጎማዎቹ እምብርት ከመሃሉ ጎማ እምብርት ጋር ትይዩ ይሁን፣ ወይም ጥቂት ወደ ፊት ይቅደም፣ ወደ ኋላ ግን አይሂድ። ሦስቱ ጎማዎች ቀጥ ብለው አንድ አቅጣጫ ማየታቸው በዓይን አይታወቅም። ሲባጎ ወጥሮ፣ ከእያንዳንዱ ጎማ ፊትና ኋላ ያለውን ርቀት መለካት ነው። ልዩነቱ ከ3 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ጎማውን እንደ ሞረድ ይበላዋል።

ቀጥሎ ክብደት። የጎን ጎማዎቹ ብዙ ከተሸከሙ የሚነዳው የመሃል ጎማ ይቀልና ዝናብ ላይ ይንሸራተታል፤ ትንሽ ከተሸከሙ ደግሞ ስኩተሩ ሲቆም ወደ አንዱ ጎን ይወድቃል። ይህን በግምት አልሠራውም። የእህል ነጋዴ ጋ ያለ የወለል ሚዛን እለምናለሁ፣ ባለቤቱን ስኩተሩ ላይ አስቀምጬ አንድ በአንድ ጎማውን ሚዛኑ ላይ አሳርፋለሁ፤ ሌሎቹ ጎማዎች በሚዛኑ ልክ ከፍ እንዲሉ ጣውላ ከሥራቸው አደርጋለሁ። ባለፈው የሠራሁት ላይ የመሃሉ 78 ኪሎ፣ ጎንና ጎኑ 31፣ 31 ሆነው ነው የተውኩት። ከኋላ ከሚያርፈው ከግማሽ በላዩ የመሃሉ ላይ እንዲቀር ነው የምፈልገው። ወንድምሽ ሳይቀመጥበት የተለካ ልክ ግን ዋጋ የለውም።

ስለ ወንድምሽ አካል ደግሞ ላውራሽ፣ ምክንያቱም ሰው «አካል ጉዳተኛ» ብሎ ሁሉንም በአንድ ይጠራል፣ ለመሣሪያ ሠሪ ግን ልምሻና የጀርባ አጥንት ጉዳት ሰማይና ምድር ናቸው። ልምሻ የሚመታው ጡንቻን የሚያዘውን ነርቭ ነው፤ ስሜት አይነካም። ወንድምሽ እግሩ ሲቃጠል ይሰማዋል፣ ቁጭ ብሎ ሲደነዝዘው ይሰማዋል። ጀርባው የተጎዳ ሰው ቢሆን ኖሮ የጭስ ማውጫውን በላሜራ ሳልሸፍንና ልዩ ፍራሽ ሳላበጅለት አላስነዳውም ነበር፤ እግሩ ጭስ ማውጫው ላይ አርፎ ሥጋው ሲበስል ሳያውቅ ቤቱ የገባ ሰው አለ። የወንድምሽ ሥጋት ሌላ ነው። ያልሠራ እግር አጥንቱ ቀጭን ነው፣ በቀላሉ ይሰበራል፣ ለመዳንም ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ግራ እግሩ ከወለሉ ተንሸራቶ እንዳይወጣ ወለሉን በ15 ሴንቲ ሜትር ላሜራ ከጎን መከለል፣ ጠርዙንም በጎማ መሸፈን ያስፈልጋል። ማሰርስ? በገመድ አይታሰር። ሲወድቅ ከስኩተሩ ጋር ይጎተታል። የግድ መያዝ ካለበት ተጣባቂ ጨርቅ፣ አንድ ጊዜ ሲጎተት የሚላቀቀው፣ እሱም ከቁርጭምጭሚቱ በላይ።

ሌላው፣ ልምሻ የነካው ሰው ከ15 ዓመት በኋላም ከ40ም በኋላ አዲስ ድካም ሊጀምረው ይችላል፤ ደህና ነበር ያለው ጡንቻ ይዝላል። የወንድምሽ 34 ዓመትም በዚያው መካከል ነው። ቀኝ እግሩ ዛሬ «ትንሽ ይታዘዘዋል» ብለሻል፤ ነገ ላይታዘዘው ይችላልና አንድም ነገር በዚያ እግር ላይ እንዳትመሠርቱ። በያጁ «ፍሬኑን በቀኝ እግሩ እናድርግለት» ቢል አይሆንም በሉት። ትከሻውም እንዲሁ በምርኩዝ ያረጀ ስለሆነ ስኩተሩ ላይ መውጣቱ እንዳያደክመው። የስኩተር መቀመጫ ከመሬት 76 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፣ ተራ ወንበር 45። በሁለቱ መካከል የሚረገጥ ሳይሆን የሚቀመጡበት ሰፊ እርከን፣ 60 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ በጎን ጎማው መሸፈኛ ላይ ሊሠራ ይችላል፤ መጀመሪያ እዚያ ይቀመጣል፣ ከዚያ ወደ መቀመጫው ይሸጋገራል። ይህ መሸፈኛ፣ ፓራፋንጎው፣ ከላሜራ ሳይሆን ከቱቦላሬ አጽም ላይ የሚሠራው ለዚህ ነው፤ ሰው ይሸከማል።

በሚሸጋገርበት ጊዜ ስኩተሩ መንቀሳቀስ የለበትም። ይህን የምለው ሁሉም ስለሚረሳው ነው። ጎማ ሲጨመርበት ስኩተሩ ራሱን ችሎ ይቆማልና መቆሚያው ይነቀላል፣ ከዚያ የሚይዘው ነገር የለም። አንዳንድ ስኩተሮች በግራ ፍሬን መያዣ ላይ መቆለፊያ አላቸው፤ ከሌለው ትንሽ ጥርስ አሠርታችሁ ፍሬኑ ተጨብጦ እንዲቀር አድርጉ። ቆልፎ ሳይሞክረው አይውረድ፣ አይውጣም።

የኋላ ማርሽ ነገር ያሳስበኛል። ባጃጅ የኋላ ማርሽ አለው፣ ስኩተር የለውም። እኔና አንቺ በእግራችን እየገፋን ወደ ኋላ እንመልሰዋለን፤ እሱ አይችልም። ፊቱን ወደ ግድግዳ ወይም ወደ ቦይ አድርጎ ከቆመ መንገደኛ እስኪያልፍ መጠበቅ ነው። ስኩተሩን ስለገዛችሁት አሁን ምንም አልልም፤ ሲቆም ግን ሁልጊዜ ፊቱን ወደ መውጫው አዙሮ፣ ተዳፋትም ከሆነ ፊቱን ወደ ቁልቁለቱ አድርጎ ይቁም። ሌላ ቤተሰብ ይህን እያነበበ ገና ሊገዛ ካሰበ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠሩትን ይያቸው፤ ብዙዎቹ ወደ ኋላ የሚሄዱበት ቁልፍ አላቸው፣ ለዚህ ሥራ ትልቅ ነገር ነው።

ደሴን እንየው። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በከፍታ ግን ወደ 600 ሜትር ይለያያሉ። ዳገቱን እንኳ ቀስ ብሎ ይወጣዋል። ደሴ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል አየር ሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ሞተሩም ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል፤ ቺንጋው፣ ጎማውን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ይግላል፣ ግን ይወጣል። ጨርቁን ጭኖ መመለሱ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ።

ስኩተሩ 105 ኪሎ፣ የተጨመረው ብረትና ጎማ 40፣ ወንድምሽ 65፣ ጨርቁና ምርኩዙ 15 ቢሆን 225 ኪሎ ነው። ይህን ክብደት 600 ሜትር ማውረድ የሚያወጣው ሙቀት ከ4 ሊትር በላይ ውሃ ከቀዝቃዛው ያፈላል። ግማሹን ነፋስና የጎማው ፍትጊያ ቢወስዱት እንኳ፣ የቀረው ሁለት ትልልቅ ጀበና የሚያፈላ እሳት ነው፤ የሚያርፈውም ከስኒ ማስቀመጫ በማይበልጥ የፍሬን ታምቡር ውስጥ ነው። የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ ይለሰልሳል፣ መያዣው እስከ መሪው ድረስ ይጨበጣል፣ ስኩተሩ ግን ይሄዳል።

ሹፌር ሁሉ ደሴን ሲወርድ በከባድ ማርሽ ነው፣ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝለት። አውቶማቲክ ስኩተር ይህ የለውም ማለት ይቻላል። ነዳጁ ሲለቀቅና የሞተሩ ዙር ሲወርድ ፍሪሲዮኑ በራሱ ይለቃል፣ ከዚያ እንደ ጋሪ ነው። ባለ ሁለት ጎማው ቀላል ስለሆነና መታጠፊያውን አጋድሎ ስለሚያልፈው ይችለዋል። የወንድምሽ ግን ከባድ ነው፣ በየመታጠፊያውም ከ12፣ 15 በላይ መሄድ አይችልም፤ ስለዚህ ከላይ እስከ ታች ፍሬን እንደያዘ ነው የሚወርደው። በክረምት ደግሞ ጉሙ አለ፣ ከኋላው የሚመጣው ከባድ መኪናም በዝግታ የሚሄድ ነገር መኖሩን የሚያውቀው ከደረሰበት በኋላ ነው።

ኮምቦልቻ ከተማው ውስጥ ግን ይንዳ። መንገዱ ባብዛኛው ሜዳ ነው። ደሴ የሚሄድ ቀን ስኩተሩን ይዞ መናኸሪያ ይድረስ፣ ከሚያውቀው ሰው ደጅ ቆልፎ ያቁመው፣ በሚኒባስ ይውጣ፣ ጨርቁን ጭኖ ሲመለስ እንደገና ስኩተሩ ይጠብቀዋል። ከመናኸሪያ እስከ ሱቁ ያለው ጨርቅ ታቅፎ በምርኩዝ መሄድ ነው እስካሁን የገደለው፤ እሱ ይቀርለታል።

ለኮምቦልቻም ቢሆን ፍሬኑ እንዲሁ አይተው። የጎን ጎማዎቹም ፍሬን ይኑራቸው። እዚህ ላይ የባጃጁን እምብርት የማልወደው ፍሬኑ በዘይት የሚሠራ ስለሆነ ነው፤ ከስኩተሩ ገመድ ጋር ማገናኘት ጣጣ ነው። ታምቡሩ በገመድ የሚሳብ የትንሽ ሞተር ሳይክል እምብርት ፈልጉ። ከግራ መያዣው የሚወጣው አንድ ገመድ ወደ አንድ ትንሽ ሚዛን ብረት ይሄዳል፣ ከዚያ ሁለት ገመድ ወደ ሁለቱ ጎማ፤ ሚዛኑ ስላለ ሁለቱ እኩል ይሳባሉ። ያለ ሚዛኑ አንዱ ቀድሞ ይይዝና ስኩተሩን ያዞረዋል።

አካላቸው ከወንድምሽ ለሚለይ ሰዎች ሁለት ቃል ብቻ። አንድ እጅ ብቻ ላለው ሰው ጎማ ከመጨመር በፊት ሁለቱን ፍሬን በአንድ መያዣ ማገናኘት ይቀድማል፤ የጎደለው ቀኙ ከሆነ ነዳጁ ወደ ግራ ይዛወራል። ስትሮክ መትቶት ግማሽ ጎኑ የደከመ ሰው ደግሞ መካኒክ ጋ ከመምጣቱ በፊት ሐኪም ዓይኑን ይይለት፤ ብዙ ጊዜ በደከመው ጎን በኩል ያለውን ነገር ማየትና ልብ ማለትም አብሮ ይጎዳል፣ እሱን ምንም ጎማ አያስተካክለውም።

ወረቀቱን አትርሱ። ብረት ከመቆረጡ በፊት የከተማችሁ ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ ሊሠራ የታሰበውን በሥዕል አሳዩ። ቅርጹ የተለወጠ ተሽከርካሪ ቦሎ ሲጠየቅበት ችግር ይመጣል፤ የሦስተኛ ወገን መድኑም የተጻፈው ለባለ ሁለት ጎማ ከሆነ አደጋ የደረሰ ቀን ክርክር ነው። መንጃ ፈቃዱም በየትኛው ዓይነት እንደሚወጣለት እዚያው ይጠየቅ። ቢመላለሱም ይሻላል፣ ሥራው ካለቀ በኋላ ከመለመን።

ተሠርቶ ሲያልቅ ወንድምሽ ከዜሮ ይማር። ድሮ በጓደኛ ሞተር ነድቶ የሚያውቅ ከሆነ የባሰ ነው፤ እጁ የለመደው መሪውን በመጠኑ ወደ ተቃራኒ ገፍቶ ማጋደልን ነው፣ ይሄኛው ግን ወደሚሄድበት ነው የሚዞረው። ጠዋት ባዶ ሜዳ ላይ፣ አንድ ሰው አጠገቡ እየሄደ፣ በእግር ፍጥነት ስምንት ቁጥር ይሥራ። አንድ ሳምንት ይኸው ብቻ። የውስጡ ጎማ ሲቀል መቀመጫው ላይ ይሰማዋል፤ ያንን ስሜት ሜዳ ላይ አውቆ መምጣት አለበት። ከዚያ ቆሞ መነሳት በዳገት ላይ፣ ከዚያ ፍሬን በእርጥብ አፈር ላይ። ሄልሜቱን ሜዳውም ላይ ያድርግ።

ከሥራው በፊት የምፈልገው ጥቂት ልክ አለ። ጀርባውን ግድግዳ አስደግፋችሁ መሬት ላይ አስቀምጡትና ከመሬቱ እስከ ብብቱ ለኪ። ከዚያ ወንበር ላይ ሆኖ ከመቀመጫው ጀርባ እስከ ጉልበቱ፣ ከጉልበቱ እስከ ተረከዙ፣ ሁለቱንም እግር ለየብቻ፤ በልምሻ አንዱ እግር ከሌላው ብዙ ጊዜ ያጥራል። ክብደቱን፣ የስኩተሩን የሻንሲ ፎቶ ከሥር፣ ፕላስቲኩ ተነስቶ። በያጁም ከፈለገ በአንቺው ስልክ ይደውልልኝ፤ የክንዱን ሥዕል ከነልኩ እሰጠዋለሁ፣ ሚዛኑ ላይ የሚወጣበት ቀን ደግሞ እኔው ኮምቦልቻ እወርዳለሁ።